በድሬዳዋ የአንድ አውቶቡስ ድርጅት የትኬት አገልግሎት፦ «11:00» ስንት ሰዓት ነው?

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በሚመላለስ፣ ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው የአውቶቡስ ድርጅት ደጋግሜ ተጉዣለሁ፤ መቀመጫው ምቹ፣ ሠራተኞቹም ትሑት ናቸው። ባለፈው ወር ከጅቡቲ ለመጣ እንግዳዬ ትኬት ቆረጥሁ። ትኬቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «መነሻ 11:00» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌሊት ይሁን ቀን የሚል ቃል ግን የለበትም።

ለእኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መሆኑ ግልጽ ስለነበር ማብራራት አልታየኝም፤ ከዚራ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር ያረፈው እንግዳዬ ግን በስልኩ አቆጣጠር ወስዶት፣ እኛ ረፋዱ 5 ሰዓት በምንለው ጊዜ ሻንጣውን እየጎተተ መናኸሪያ ደረሰ። አውቶቡሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። የሚያሳስተው የሁለቱ አገሮች የሰዓት ክልል አንድ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ፣ በበጋም በክረምትም ሰዓታቸውን አይለውጡም፤ ስለዚህ ድንበር ሲሻገር ስልኩ ምንም አላስጠነቀቀውም። የሚለያየው የቆጠራው መነሻ ነው፦ እኛ ከንጋት፣ እነርሱ ከእኩለ ሌሊት። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ንጋታችን ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይዋዥቅም፤ በዚህም የተነሣ አቆጣጠሩ ይመቸናል፣ ሙቀቱን ሽሽት ሥራዋን በማለዳ ለምትጀምረው ድሬዳዋ ደግሞ ይበልጡን።

ድርጅቱ ትኬቱን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለማግስቱ ቀይሮለታል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። «ከሌሊቱ» የምትለውን አንዲት ቃል ለመጨመር ግን ቀለም ያጥራቸዋል ብዬ አላምንም።