የአስከሬን ምርመራ ፈቃድ አጠያየቅ፦ በሀዋሳ አንድ ሆስፒታል የገጠመን

አባታችን ለሦስት ሳምንት ያህል በትኩሳት ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ሕመማቸው ምን እንደሆነ ሳይለይ፣ ሀዋሳ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል አረፉ። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ የምገመግመው ከሞታቸው በኋላ ለአስከሬን ምርመራ ፈቃድ የተጠየቅንበትን መንገድ ነው። የተጠየቅነውም ሁለት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው መጠየቅ ሊባል አይችልም። ወንድሜ ኮሪደር ላይ ቆሞ ከእድራችን ዳኛ ጋር ስለ ድንኳን በስልክ ሲነጋገር፣ አንድ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ ዘርግቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለው። እናታችን «ምን ሊያደርጓቸው ነው?» ብላ ጮኸች፤ ወረቀቱም ሳይፈረም ተመለሰ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመጣው ሐኪም ግን ወደ አንድ ክፍል አስገብቶ ካስቀመጠን በኋላ ራሱም ተቀመጠና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ጥቂት ዝም አለ። ቀጥሎ የጠየቀው «እናቴ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» የሚል ነበር። ምርመራው ከዚያ በፊት የማያልቅ ከሆነ እንደማይጀመር ነገረን። በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚካሄደው የፎረንሲክ ምርመራ የቤተሰብን ፈቃድ እንደማይጠብቅ፣ ይህኛው ግን እኛ ካልፈቀድን እንደማይደረግ፣ ብንከለክልም ማንም እንደማይቀየመን አስረዳን። ደረትና ሆድ ተከፍቶ እንደሚሰፋ፣ ፊታቸው እንደማይነካ፣ ሲገነዙም ስፌቱ እንደማይታይ፣ ከሳንባና ከጉበት የሚወሰደው ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ስለሚታይ ውጤቱ ሳምንታት እንደሚፈጅ ምንም ሳይደብቅ ተናገረ። አንጎልን ለማየት የራስ ቅል መከፈት እንዳለበት ሲገልጽ እናታችን «እሱስ አይሆንም» አለች። ሐኪሙ ሊያግባባት አልሞከረም፤ ቅጹ ላይ በራሱ እጅ «ጭንቅላት አይነካ» ብሎ በአማርኛ ጻፈና አነበበላት፤ እሷም የአውራ ጣት አሻራዋን አኖረች።

እንዲህ ያለ ሐኪም ያለው ሆስፒታል ቅጹን በአማርኛና በሲዳምኛ ማዘጋጀት፣ ለሐዘንተኛም አንዲት ክፍል መለየት ለምን እንዳቃተው አይገባኝም። ውጤቱንም ለመቀበል ሦስት ጊዜ ከተመላለስን በኋላ ያለ ምንም ማብራሪያ በመስኮት ተሰጠን፤ ያንኑ ሐኪም ፈልገን ባናስነብበው ኖሮ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። አባታችንን የገደላቸው በሰውነታቸው የተሠራጨ ቲቢ ነበር። በዚያው ሳምንት ቤተሰቡ በሙሉ ተመረመረ፤ የእህቴ የሦስት ዓመት ልጅም የመከላከያ መድኃኒት ጀመረች።