ለድሪም ሌክ ስፓይክ ይሻላል ወይስ ስኖውሹ?

በረዶ በጣለ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። "ድሪም ሌክ ልንወጣ ነው፣ ምን እንግዛ?" እዚህ ዴንቨርና አውሮራ ላለን ሰዎች ድሪም ሌክ ያለበት ሮኪ ማውንቴን ፓርክ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ጥርም ሆነ የካቲት ቅዳሜ ጠዋት ሹልክ ብሎ መሄድ ይቻላል።

መልሴን ልንገራችሁ፤ ስፓይኩን ግዙ፣ ስኖውሹውን ተከራዩ። ስፓይክ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ሰንሰለት ጥርስ ነው፤ ስኖውሹ ደግሞ ጥልቅ በረዶ ውስጥ እንዳትሰምጡ ከጫማ ስር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ ነው።

ከቤር ሌክ ተነስቶ በኒምፍና በድሪም አልፎ ኤመራልድ ሌክ የሚያደርሰው መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው በየቀኑ ስለሚረግጠው በረዶው እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። እዚያ ላይ ስኖውሹ አጉል ሸክም ነው። ያስቸገረን ማንሸራተቱ ነው፤ ለሱ ደግሞ መድኃኒቱ ስፓይኩ ነው።

ዋጋው ጋ እንምጣ። ካቱላ የሚባለው የስፓይክ ብራንድ 75 ዶላር አካባቢ ነው። "ለሰንሰለት ይሄን ሁሉ?" ብዬ ቁርጥ እሱን የሚመስል በ22 ዶላር ከኦንላይን ገዛሁ። በሁለተኛው ጉዞ ከድሪም ስንወርድ ጎማው ሰንሰለቱን የሚይዝበት ቀዳዳ ላይ ተተረተረ። በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት፤ ሃያ እርምጃ አልሄደም። ቁልቁለቱን በቂጤ ነው የጨረስኩት። ባለቤቴ ቪዲዮውን እስከዛሬ ለእንግዳ ታሳያለች።

አልተማርኩም፤ ሌላ የ22 ዶላር ደገምኩ። የዚህኛው የሰንሰለት ቀለበት ተከፈተ። በፒንሳ ገጠምኩት፤ ድንጋይ ሲነካ እንደገና አፉን ከፈተ። 44 ዶላር ጥዬ በመጨረሻ 75ቱን ከፈልኩ። በጠቅላላው 119 ዶላር! ያ ከተገዛ አራተኛ ዓመቱ ነው፣ አንድም ቀለበት አልተከፈተም።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። ቀለበቶቹ የተበየዱ ይሁኑ፤ ታጥፈው ብቻ የተገጠሙ ከሆኑ ተዉት። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለው ጎማም ወፈር ይበል። ቁጥሩን የምትለኩት በክረምት ቡትስ ላይ ነው፣ በስኒከር አይደለም።

ስኖውሹ ደህናው ከ200 ዶላር ያልፋል። በዓመት ሁለቴ ለሚወጣ ሰው አያዋጣም። የሚያስፈልገው አዲስ በረዶ ጉልበት ድረስ ሲከመር ነው፤ ያን ቀን ኤስቴስ ፓርክ ከተማ ጎራ ብላችሁ በቀን ሂሳብ ተከራዩ። ስኖውሹ አድርገናል ብላችሁ ግን ከተረገጠው መንገድ ወጥታችሁ ዳገቱን እንዳትሞክሩ። በኤመራልድ ዙሪያ ያለው ገደል የበረዶ ናዳ ያወርዳል። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፣ በነጻ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት እዩት።

ስፓይክ አውሰኝ ለምትሉኝ ደግሞ፦ አላውስም።