ጅማ ላይ ያገለገለ ባለ ሂተር የአየር ድራየር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት

ለቡና ከለር ሶርተር (ፍሬውን በቀለሙ ለይቶ ብልሹውን በአየር ለሚተፋው ማሽን) ወይም ለቀለም መርጫ ኮምፕሬሰራችሁ ያገለገለ ባለ ሂተር ድራየር፣ ማለትም የታመቀውን አየር እርጥበት የሚያደርቅ ማሽን የምትፈልጉ ሁሉ፣ ሻጩ ለግማሽ ሰዓት አስነስቶ «ይኸው፣ የጤዛ ነጥቡ (የአየሩ እርጥበት ወደ ጤዛ የሚለወጥበት ሙቀት፤ ዝቅ ባለ ቁጥር አየሩ ደረቅ ነው) ከዜሮ በታች 40 ያነባል» ቢላችሁ እንዳትታለሉ። ሂተሩ የተቃጠለ ማሽንም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያንኑ ያነባል።

ድራየሩ ሁለት ታንክ አለው። ሁለቱም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አክቲቬትድ አሉሚና የሚባል ነጭ ድቡልቡል ጠጠር ተሞልቷል። እርጥቡ አየር በአንዱ ሲያልፍ ውሃው ጠጠሩ ላይ ይቀራል። በዚያው ሰዓት ሌላኛው ታንክ ግፊቱ ወጥቶለት፣ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ በጋለ አየር ውሃውን ይተፋል፤ ከዚያ ይቀዘቅዝና ተራውን ይጠብቃል። ሂተር በሌለው ድራየር ተራው በየ5 ደቂቃው ገደማ ይለወጣል። ሂተር ባለው ግን አንዱ ታንክ 4 ሰዓት ያህል ይሠራል። ስለዚህ ጠጠሩ ቀድሞ ከደረቀ ወይም አዲስ ከተሞላ፣ ምንም ሳይሞቅ ለሰዓታት ደረቅ አየር ይሰጣል። ጉዱ የሚወጣው ማሽኑ እናንተ ግቢ ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሶርተሩ ቫልቮች በእርጥበት እየዛጉ ይዘገያሉ፣ ደህናው ፍሬም ከብልሹው ጋር ተተፍቶ ይወጣል።

መፈተን ያለበት በሙሉ የአየር ፍሰት፣ ከ8 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ነው። ሁለቱም ታንኮች ሠርተው የመጀመሪያው ዳግም ተራው ሲደርስ ንባቡን እዩ። ቧንቧውን ዘግቶ ወይም በትንሽ አየር ብቻ ማስነሳት ፈተና አይባልም።

በመሀሉ የሂተሩን ሦስት ሽቦ አንድ በአንድ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካው መሣሪያ) ለኩ። የ9 ኪሎዋት ሂተር በ380 ቮልት በእያንዳንዱ ሽቦ 13.7 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ውስጡ የተቃጠለ አለ። የሚሞቀው ታንክ የግፊት መለኪያ ዜሮ አጠገብ መውረድ አለበት። ግፊት ካልለቀቀ ሳይለንሰሩ (የሚወጣውን አየር ድምፅ የሚያፍነው) በጠጠር ዱቄት ተደፍኗል ወይም ቫልቩ ያሳልፋል። ጠጠሩንም አስወጥታችሁ እዩት፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ዘይት ዘይት ከሸተተ ማሞቅ አያድነውም፣ ሁሉም ይቀየራል። ያን ዋጋ ከሂሳቡ ላይ አስቀንሱ። ከድራየሩ በፊት የዘይት ፊልተር፣ ከኋላው የአቧራ ፊልተር ከሌለ አዲሱም ጠጠር ዕድሜ የለውም።

ሂተር የሌለውን በባለ ሂተር ዋጋ የሚሸጡም አሉ። በየ5 ደቂቃው «ፉ» እያለ አየር ከለቀቀ ሂተር የሌለው ነው። በደቂቃ 1,000 ሊትር ከሚሰጥ ኮምፕሬሰር ከ150 እስከ 200 ሊትሩ ለማድረቂያ ብቻ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው በእናንተ ነው።

የስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አቅም አብዛኛውን ጊዜ ለ7 ባር እና ለ35 ዲግሪ ነው። በ5 ባር ከሠራችሁ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። የሚገባው አየር 45 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ የተሸከመው ውሃ ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የጋለውን አየር በታንኩ የሚነፋ ብሎወር ካለው፣ ለባሕር ዳርቻ የተለካው እዚህ ያነሰ አየር ይገፋል፣ ጠጠሩን ማድረቂያው ጊዜም ይረዝማል።

መጨረሻ ላይ፣ ታንኩ እየሞቀ ሳለ መብራቱን ራሳችሁ አጥፍታችሁ አብሩት። መቆጣጠሪያው ካቆመበት ከቀጠለ ጥሩ። ከዜሮ ጀምሮ ገና ያልደረቀውን ታንክ ወደ ሥራ ካስገባ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እርጥብ አየር ወደ ሶርተሩ ይሄዳል።