ናሱን ያለ ጥፋቱ ሰደብኩት

ይህን ሳጥን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። አሁን ግንቦት ገብቷል፣ ስምንት ወር ሞላው። ሁለት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ፣ ኔትወርክ ላይ የሚሰካ ሳጥን ነው፤ ሰዉ በአጭሩ ናስ ይለዋል። ለእናቴ "ናስ ገዛሁ" ስላት "የምን? ትሪ ነው?" አለችኝ። ጥር መጨረሻ ላይ ምነው ትሪ በሆነ ያልኩባቸው ሦስት ሳምንታት ነበሩ።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ስታዲየም አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችን። እኔ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር እሠራለሁ፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ በላፕቶፕ። ቀረጻው ሁሉ ናሱ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ኮምፒውተሬም በኤንኤፍኤስ ያገኘዋል፤ ይህ ኔትወርክ ላይ ያለን ፎልደር እንደ ራስ ዲስክ የሚያስከፍት መንገድ ነው። ስለ መጀመሪያዎቹ አራት ወራት የምለው የለኝም። ሠራ፣ በቃ።

ከዚያ ጥር ሆነ፤ ጥር ለሰርግ ሠራተኛ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ማታ 38 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ከኮምፒውተሬ ወደ ናሱ ልገለብጥ ትእዛዙን ጻፍኩ። ቆመ። ኤረር የለ፣ ምን የለ። ላቋርጠው ኮንትሮል ሲ ብለው አይሰማም። ሌላ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍቼ ምን ያህል ቦታ ቀረ ብዬ ዲኤፍ ስለው እሱም እዚያው ደርቆ ቀረ። ሎጉን ሳየው አንዲት መስመር አለች፦ ሰርቨሩ (ናሱን ነው) አይመልስም፣ አሁንም እየሞከርኩ ነው። ሞክር እንግዲህ፣ ምን አገባኝ። የሚገርመው በላፕቶፑ ፎልደሩን ስንከፍተው ፋይሉ በስሙ ቁጭ ብሏል። መጠኑ ግን 0።

ልጅቷ "ያንተ ኮምፒውተር ነው፣ የኔ ይሠራል" አለች። እኔ ደግሞ ሳጥኑ ነው አልኩ። ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። በዚህ መሃል የአንዷ ሙሽራ እናት በየማለዳው ይደውላሉ። "ልጄ፣ ቪዲዮው አልደረሰም? ልጆቹ እኮ ሊወልዱ ነው!"

ምክር እንደሆነ አገሩ ሞልቷል። አንዱ ጓደኛዬ "ኤንኤፍኤስ ከ2 ጊጋ በላይ አይችልም" አለኝ። እውነት አለው፣ ግን የድሮ እውነት ነው። ያ ገደብ የሁለተኛው ቨርዥን ነበር፣ በ1995 በፈረንጆቹ የወጣው ሦስተኛው ቨርዥን አስወግዶታል። የኔ ደግሞ በአራተኛው ነው የሚገናኘው። ሌላው "የዲስኩ ፎርማት ፋት 32 ይሆናል፣ 4 ጊጋ ላይ ያቆማል" አለ። ናሱ ውስጥ ያሉትን ዲስኮች አየሁ፣ ፎርማታቸው ኢኤክስቲ 4 የሚባለው ነው፣ 38 ጊጋ ለነሱ ምንም ማለት አይደለም። ደግሞስ የኔ 4 ጊጋ ላይ መች ደረሰና! 3 ሜጋ ፎቶ እንኳ አላሳልፍ ብሎኛል። ግማሽ ገጽ የማትሞላ የጽሑፍ ፋይል ግን ሽው ብላ ትሄዳለች። ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ፣ ግን "ትልቅ ፋይል፣ ትልቅ ፋይል" እያልኩ ስሮጥ አለፈኝ።

ሦስተኛው መካሪ "ሶፍት ብለህ ማውንት አድርገው፣ አይደርቅብህም" አለኝ። ማውንት ማለት የናሱን ፎልደር ከኮምፒውተሩ ጋር ማያያዝ ነው፤ ሃርድ ሲሆን ናሱ እስኪመልስ ይጠብቃል፣ ሶፍት ሲሆን ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። አደረግኩ። እውነትም አይደርቅም፣ ትንሽ ጠብቆ የግብዓት ውጤት ኤረር ነው ብሎ ይተወዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ማንዋሉን ማንበቤ ነው። ሶፍት ሲሆን ሰርቨሩ ቶሎ ካልመለሰ ፋይል ሳይታወቅ ሊበላሽ እንደሚችል በግልጽ ያስጠነቅቃል። የሰው ሰርግ ነው፣ ድጋሚ አይቀረጽም። በዚያ ሁኔታ የሠራሁባቸው ሁለት ቀናት አሁንም ያስደነግጡኛል። በሩጫ ወደ ሃርድ መለስኩት። ቢያንስ ሃርድ ሲደርቅ እያየኸው ነው የሚደርቀው።

ነገሩ የተገለጠልኝ በፒንግ ነው፤ ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልስ መምጣቱን የሚያይ ትእዛዝ ነው። ናሱን ዝም ብዬ ፒንግ ሳደርገው እንደ ወትሮው ይመልሳል። ፓኬቱ (በአንዴ የሚላከው የዳታ ቁራጭ) እንዳይቆራረጥ ከልክዬ 8972 ባይት ስልክለት ጸጥ። 1472 አልኩት፣ መለሰ። 2000፣ ጸጥ። እዚህ ላይ ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ።

ምክንያቱም 8972 ላይ 28 ባይት ሄደር (ፖስታ ላይ እንዳለ አድራሻ ያለ ነገር) ሲጨመር 9000 ይሆናል፣ ያቺን 9000 ደግሞ አውቃታለሁ። ናሱን የሸጠልኝ ሰውዬ ነው መስከረም ላይ "ብራዘር፣ ሁለቱም ጋ ኤምቲዩውን 9000 አድርገው፣ ይበርልሃል" ያለኝ። ኤምቲዩ ማለት በአንዴ የሚላክ ፓኬት ትልቁ መጠን ነው። ናሱም ላይ፣ ኮምፒውተሬም ላይ አደረግኩ። ላፕቶፑ 1500 ላይ እንደነበረ ቀረ። ሁሉንም በገመድ የሚያገናኘው የድሮው ስዊች ያን ትልቅ ፓኬት ስለሚያሳልፍ ምንም አልተፈጠረም። ጥር ላይ ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ ስዊቹ ተቃጠለ። ናሱ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ነበር፣ ስዊቹ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ። በዚያው ዕለት ወርጄ ከአንድ ሱቅ ርካሽ ስዊች ገዛሁ። "ከዚያኛው ጋር አንድ ነው?" ብዬ ጠይቄያለሁ። "አንድ ነው ጌታዬ፣ ስዊች ስዊች ነው" ተባልኩ።

አንድ አይደለም። ይሄኛው ባለ 100 ሜጋቢት ነው፣ ትልልቁንም ፓኬት አያሳልፍም። አለማሳለፉ ባልከፋ፣ ግን ምንም ሳይል ይጥለዋል። ራውተር ቢሆን "ይሄ በዝቶብኛል" ብሎ ለላኪው ይነግራል፣ ስዊች ያን አያውቅም። ሁለት ኮምፒውተሮች ቲሲፒ በሚባለው የመገናኛ ደንብ ሲገናኙ እያንዳንዱ እስከ ስንት መቀበል እንደሚችል ይናገራል። ላፕቶፑ ትንሹን ስለሚናገር ናሱም በልኩ ይልክለታል፣ ስለዚህ ይሠራል። እኔና ናሱ ግን 9000 ላይ ተስማማን። መሃል ያለውን የጠየቀው የለም። የፋይሉን ስም የሚፈጥረው ጥያቄ ትንሽ ስለሆነ አለፈ፣ የፋይሉ ሆድ ግን ቀረ። 0 የሆነው ለዚህ ነው።

ልጅቷም እኮ "ዘገየብኝ" ስትለኝ ሰንብታለች። 100 ሜጋቢት ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፣ በተግባር 11 ገደማ። ያ 38 ጊጋ በሷ በኩል አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። እኔ ደግሞ "ጥር ነው፣ ሁሉም ይዘገያል" እላት ነበር።

እናም ናሱን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያላልኩት ነገር የለም፣ እሱ ግን አንድም ፋይል አላጠፋብኝም። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ገጹ ላይ አረንጓዴ ምልክት አብርቶ "ሁሉም ደህና ነው" ይለኝ ነበር። የመስመሩ ፍጥነት ወደ 100 መውረዱን ያውቃል እኮ! ሦስት ሜኑ ገብቼ ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ አገኘሁት። ፊት ለፊት ቢለኝ ምን ነበረበት? አንድ ኮከብ በዚህ ቀንሻለሁ። ዋጋውን ግን አልቆጭበትም፣ ነገ ቢሰረቅ ራሱን እገዛለሁ።

አንተ ሻጩ ደግሞ፣ "ይበራል" ያልከው ስንት ነው? ለካሁት። አሁን ጊጋቢት ስዊች ገዝቼ ሁሉንም 1500 አድርጌዋለሁ፣ 112 ሜጋባይት በሰከንድ ይሰጠኛል። በ9000 ስለካው 117 ነበር። ለአምስት ሜጋ ነው እንግዲህ የሰው እናት ሲያለቅሱብኝ የሰነበቱት። 38ቱ ጊጋ ዛሬ ስድስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

አዲሱ ስዊች ዩፒኤሱ ላይ ተሰክቷል። ርካሹን በር ልደግፍበት ብዬ ነበር፣ ቅልል ያለ ፕላስቲክ ነው፣ ንፋስ በመጣ ቁጥር ከነበሩ ይሄዳል።