ጎማውን አሳምረው ቀየሩት፣ ቀለበቷን ግን አስቀሯት

ቅዳሜ ጠዋት የሞተሬን የኋላ ጎማ አስቀየርኩ። ሞተሩ ግን እስከ ማክሰኞ ማታ ቆሞ ነበር። በመሃል የሆነውን ነው የምነግራችሁ። የጎማ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ግማሽ ሥራቸው በጣም ጥሩ ነው፣ ግማሹን አንብባችሁ ራሳችሁ ፍረዱ። ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሃያ ደቂቃ ቢያስነዳ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሞተሩ። ሆንዳ ኤስቲ 1300 ነው፣ የ2005። አውሮፓ ፓን ዩሮፒያን ይሉታል፣ የእንግሊዝ ፖሊሶች ሲነዱት የኖሩት ሞተር ነው። 1261 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ 29 ሊትር ነዳጅ ይይዛል፣ ክብደቱ ከ300 ኪሎ ያልፋል። ካቴና የለውም። አዲስ አበባ ቦክሰር የሚባለውን ሞተር የነዳ ሰው የካቴናን ጣጣ ያውቃል፦ ይላላል፣ ታጠብቃለህ፣ ዘይት ታጠጣዋለህ፣ እሱም ሱሪህ ላይ ይመልስልሃል። እኔ ሞተር ላይ በካቴናው ፋንታ ሻፍት ነው ያለው። ኃይሉ በዘንግ ይመጣና ጎማው አጠገብ ያለች ዲፈረንሻል የምትመስል ሳጥን ውስጥ ገብቶ ወደ ጎን ይታጠፋል። ከሳጥኗ ወደ ጎማው የሚተላለፈው በጥርስ ነው፤ ዙሪያውን ጥርስ ያለው ወንዴ ብረት ጥርስ ያለው ሴቴ ውስጥ ይገባል። አንደኛው ወገን ሳጥኗ ላይ ነው፣ ሌላኛው ጎማው መሃል ጎሚኒዎች ላይ የተቀመጠ ፍላንጅ የሚባል ክብ ብረት ላይ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ጸቡ ያለው እዚህ ነው።

ጎማ አልቆ ሲቀየር ታዲያ እነዚህ ጥርሶች ይለያያሉ፣ ከዚያ መልሰው ይጋባሉ። ስለዚህ ሻፍት ያለው ሞተር ላይ ጎማ መቀየር ማለት ጥርሱን ማየት፣ ማጽዳትና መቀባትም ነው። ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ሞተሩን የገዛሁ ሰሞን የኋላውን ጎማ ሳወርድ ጥርሱ ላይ ቀይ ብናኝ አገኘሁ፣ በርበሬ የነሰነሱበት ነው የሚመስለው። ዝገት ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ጎማ ሲያስቀይር የነካው የለም መሰለኝ፣ ብረት ለብረት ደረቁን ሲፋተግ ኖሮ የጥርሶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ሹል ሆኗል። ፍላንጁን ቀየርኩ። ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴም ይህን ጽሑፍ ታነባለች።

አሁን ወደ ቤቱ። የሄድኩት ጎማውን ከነቸርኬው አውርጄ በመኪና ጭኜ ነው። ምክንያቱ ዋጋ ነው። ቸርኬውን ብቻ ይዘህ ከመጣህ 45 ዶላር፣ ባላንሱን ጨምሮ። ሞተሩን ይዘህ ከመጣህ ማውለቂያና መግጠሚያው በሰዓት ይታሰባል፣ ለኔ የነገሩኝ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አዲሱን ጎማ ኦንላይን ነው የገዛሁት፣ 170/60፣ ባለ 17። ብዙ ቤት ከሌላ ቦታ የገዛኸውን አንገጥምም ይላሉ፣ ወይም እጥፍ ያስከፍላሉ። እነዚህ ምንም አላሉም። ይህ አንድ ኮከብ ነው።

ጎማውን የቀየረው ልጅም ሥራውን ያውቃል። አርባ ደቂቃ አልፈጀበትም። ጎማው ጎን ላይ ያለውን የመዞሪያ ቀስት ከቸርኬው ጋር አስተያየ፣ ቫልቩን በአዲስ ቀየረ፣ ባላንሱን ማሽን ላይ ሁለት ጊዜ አየው። ቸርኬው ላይ አንድ ጭረት የለም። እኔ ሳልጠይቀው የጎማውን የምርት ቀን አሳየኝ፤ አራት ቁጥር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ነው የሚናገሩት። አዲስ አበባ ጎሚስታ ጋ ቁጭ ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ከመነዳሪ በውሃ ገንዳ ሲፈተሽ እያየሁ፣ ጥሩ ጎሚስታ ሳይ አውቃለሁ። ልጁ ጥሩ ጎሚስታ ነው።

ችግሩ ጎሚስታ ብቻ መሆኑ ነው።

ሳስረክበው ነግሬዋለሁ። «ይህቺ ፍላንጅ ዝም ብላ ነው የተቀመጠችው፣ ስትገለብጠው ትወድቃለች፣ ከነቅባቷ ተዋት» ብዬ። «ኖ ፕሮብሌም» አለ። ቤት ደርሼ ጎማውን ሳወርድ ፍላንጇ ቦታዋ ላይ ናት፣ ግን ታበራለች። ጠርገዋታል! ጥርሱ ውስጥ በብሩሽ የቀባሁትን በሙሉ በፍሬን ማጽጃ አጥበው እንደ ብር ሳህን አድርገው መልሰውልኛል። ክፋት የለውም፣ ቆሻሻ መስሏቸው ነው። እሺ፣ እሱስ ይቀባል።

ከዚያ በሌላው ጎን ስዳስስ ባዶ ነው። የቀኝዋ ስፔሰር የለችም።

ስፔሰር ማለት ትንሽ የብረት ቀለበት ናት፣ አክስሉ፣ ማለትም የጎማው መሃል ዘንግ፣ በውስጧ ያልፋል። ብታዩአት ከቁም ነገር አትቆጥሯትም። ግን ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ ተደግፋ ጎማውን መሃል ላይ የምትይዘው እሷ ናት። እሷ ሳትኖር አክስሉን ካጠበቃችሁ የፍሬኑ ካሊፐር፣ ዲስኩን የሚጨብጠው፣ ያለበት ብረት ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ጎማው አይዞርም፣ ወይም የባሰ፣ ዞሮ ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል። ደወልኩ። ቅዳሜ ማታ ነው፣ ዘግተዋል። እሁድና ሰኞ አይከፍቱም።

የምሠራው ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ፓርኪንግ ነው፣ የማታ ፈረቃ። መኪናውን ባለቤቴ ነው የምትይዘው። ስለዚህ በሜትሮ ባቡር፣ በቀይ መስመር እስከ ጋለሪ ፕሌስ፣ ከዚያ በቢጫው፣ ሁለት ቀን እንዲሁ። ጠዋት ስመለስ ሞተሩ በመሃለኛው ማቆሚያ ላይ ቂጡ ባዶ ሆኖ ቆሟል፣ ጎረቤት ሁሉ «ተሰረቀ እንዴ?» ይለኛል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ መጡ። ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ ናቸው፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሃያ ዓመት ጋራዥ የሠሩ ሰው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ጎንበስ አሉና ፍላንጇን አዩ።

«ይሄን ማን ጠረገው?»

«እነሱ ናቸው ጋሼ። ንጹህ እንዲሆንልኝ ብለው።»

«ግራሶ የለህም?»

«አለኝ፣ ግን የዚህ ሌላ ነው፣ ሞሊ ያለበት።»

«እሱን ነው የምልህ። ልጄ፣ ይሄን ደረቁን ከገጠምከው እርስ በርሱ ነው የሚበላላው።» ከዚያ ቀና ብለው ሳቁ። «ጎሚስታ ጎማ ያውቃል፣ ምን ታደርገዋለህ?»

ስለ ቅባቱ እግረ መንገዴን ልገምግም፣ ጠያቂ ስለማይጠፋ። እኔ የምጠቀመው የሆንዳን ኤም 77 የሚሉትን ፔስት ነው። ድሮ ሆንዳ ሞሊ 60 የሚባል ነበረው፣ እሱ ቀርቶ ይህ ተተካ። ሞሊ፣ ማለትም ሞሊብዲነም፣ የበዛበት ስለሆነ እንደ ተራው ግሪስ አይደለም። ተራው ግሪስ ጎማው ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይወረወራል፣ የቀረውም ግፊት ሲበዛበት ከጥርሱ መሃል ይወጣል፣ ጥቂት ሺህ ማይል ሄዳችሁ ስትከፍቱ ያው በርበሬ። ሞሊው ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቱቦዋ ትንሽ ናት፣ ዋጋዋ ግን ትንሽ አይደለም፤ ሆኖም በአንዴ የምትፈልጉት ጥቂት ነው፣ ዓመታት ታቆያችኋለች። ቀለሙ ጥቁር ግራጫ ነው፣ ኩል በሉት። እጅ ላይ ከተነካ አይለቅም። የቡና ረከቦት መሸፈኛ ላይ ከተነካ ደግሞ ጨርሶ አይለቅም፣ ይህንም በገንዘቤ ነው የተማርኩት። ለኤም 77 አምስት ከአምስት፣ ጓንት አድርጉ።

ማክሰኞ በሩ ሲከፈት ደረስኩ። ልጁ ገና ሲያየኝ ገባው። ማሽኑ ሥር የድሮ የባላንስ ክብደቶች የሚጣሉበት ባልዲ አለ፣ ገልብጦት ሲፈልግ አገኛት። ይቅርታ ጠየቀ፣ ከልቡ ነው። የጎማ ቤቱ ባለቤት ግን «ስፔሰሩን ራስህ አውጥተህ መምጣት ነበረብህ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልክ ነው፣ ማውጣት ነበረብኝ። ግን እናንተ ጋ የገባ እቃ እናንተ ጋ ነው የሚጠየቀው። ተከራከርን፣ ምንም አልመለሰልኝም፣ ቀለበቴን ይዤ ወጣሁ።

መግጠሙን ብቻዬን ነው የሠራሁት። ለሻፍት አዲስ የሆነ ሰው ካለ እዚህ ጋ ቀስ ብሎ ያንብብ። ማርሽ ውስጥ አስገቡት፣ አንደኛ ይሁን። ዜሮ ላይ ከሆነ የሳጥኗ ጥርስ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞርና ስትገፉ ብትውሉ አይገጥምም። የሁለቱንም ወገን ጥርስ በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ብዙ ከሆነ ሲጋባ ይወጣና ወደ ዲስኩ ይሄዳል፣ ፍሬን ላይ ቅባት ደግሞ አልመኝላችሁም። ጎማውን በጀርባው በኩል አንከባልላችሁ ታስገቡና መሬት ላይ ቁጭ ትላላችሁ፣ ሁለት እግራችሁን ከጎማው ሥር ትሰዳላችሁ፣ በጣቶቻችሁ ጫፍ ታነሱታላችሁ። ከባድ ነው፣ በእጅ አንስቼ አስገባለሁ የሚል ወገቡን ይዞ ይነሳል። ከዚያ ጎማውን ወደ ሳጥኗ እየገፋችሁ በጣም በትንሹ ወዲያ ወዲህ ታዞሩታላችሁ። ጥርሱ ጥርሱን ሲያገኝ ይሰማችኋል፣ ቅባት ያለው ድምፅ ነው፣ «ቅጭ» ሳይሆን «ጩፍ» የሚል፣ ከዚያ ጎማው በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ካልሰመጠ በአክስሉ አትጎትቱት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ጥርሱ ሳይገናኝ አክስሉን በዳዶ እያጠበቀ ያስገባዋል፣ የጥርሱን ጫፍ ጨፍልቆ።

ስፔሰሯን ከካሊፐሩ ብረት ጋር ማስገባት ሦስተኛ እጅ የሚያስፈልግበት ቦታ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ወድቃብኛለች፣ አንዴ ከሞተሩ ሥር ተንከባላ ሄዳ በስልክ መብራት ነው ያገኘኋት። ትንሽ ግሪስ ቀብታችሁ ኩሽኔታው ላይ ብትለጥፏት ትቆማለች፤ ለዚህ ተራው ግሪስ ይበቃል። የካሊፐሩን ሸራ በካቻቪቴ ትንሽ ከፈት አድርጉት፣ ካልሆነ ዲስኩን አይቀበልም። አክስሉን በቶርክ መፍቻ፣ ማኑዋሉ በሚለው ቁጥር፣ በእጅ ግምት አይደለም።

ሲያልቅ ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬን ፔዳሉን ርገጡ። የመጀመሪያው ርግጫ ባዶውን ነው የሚወርደው፣ ምክንያቱም ሸራውን ከፍታችሁታል። ሦስት አራት ጊዜ ስትረግጡት ይጠነክራል። ይህን ረስቶ ከግቢ የወጣ ሰው የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው የሚያስታውሰው።

ከመነሳቴ በፊት ንፋሱንም ለካሁ። 32። የመኪና ነው። የዚህ ሞተር የኋላ ጎማ 42 ፒኤስአይ ነው የሚፈልገው፣ ያውም ሁለት ሳጥን ከኋላ የሚሸከም ሞተር። ይህ ሞተሩ አካል ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፏል፣ እነሱ ጋ ግን የሄደው ጎማው ብቻ ስለሆነ ወረቀቱን አላዩም፣ አልጠየቁኝምም።

እንግዲህ ለጎማው ሥራ አራት ኮከብ፣ ለተቀረው ሁለት። አትሂዱ አልልም። ከሄዳችሁ ፍላንጁንም ስፔሰሩንም አውጥታችሁ ቤት አስቀምጡ፣ ባዶውን ቸርኬ ስጧቸው። ሞተሩን ሙሉውን ወስዳችሁ ግጠሙልኝ ልትሉ ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ «ጥርሱን በምንድነው የምትቀቡት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ልጁ ባለቤቱን ካየ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ውጡ።

የፊቱም ጎማ ሊያልቅ ነው፣ 120/70 ባለ 18። እሱን እዚያው ነው የምወስደው፣ ጥርስ የለውም። ስፔሰሮቹን ኪሴ ከትቼ።