ለፒያሳው ልብስ ሰፊ ምስጋና፤ ከሳንባ የብርሃን ሕክምና ለሚመለሱ ታካሚዎችም ጥቆማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለሚሠሩት፣ ሁላችንም ጋሼ ለምንላቸው ልብስ ሰፊ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ስሜ አይጻፍ ስላሉ አልጻፍነውም። የምናመሰግናቸው የሳንባ ካንሰር ታካሚዎችን ቤት ለቤት የምንከታተል ነርሶች ነን፤ ከብርሃን ሕክምና ለሚመለሱ ታካሚዎቻችን ከፀሐይ የሚከላከል ልብስ ስለሚሰፉልን ነው።

የብርሃን ሕክምና፣ በሙያው አጠራር ፎቶዳይናሚክ ቴራፒ፣ ቀዶ ጥገና ለማይሆንለትና ዕጢው የአየር ቧንቧውን ለዘጋበት ታካሚ ውጭ አገር ከሚሰጡት አንዱ ነው። ፖርፊመር ሶዲየም የሚባል መድኃኒት በኪሎ 2 ሚሊግራም ሒሳብ በደም ሥር ይሰጣል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን 120 ሚሊግራም ማለት ነው። ከ40 እስከ 50 ሰዓት ቆይቶ ቀጭን የብርሃን ክር በብሮንኮስኮፕ፣ ማለትም የአየር ቧንቧን ውስጥ በሚያሳይ ቀጭን ቱቦ፣ ይገባና 630 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ዕጢው ላይ ይበራል፤ መድኃኒቱ ብርሃን ሲያገኝ ዕጢውን ይገድላል። የክሩ ጫፍ ርዝመት እንደየሰው ዕጢ ይመረጣል። ብርሃኑ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ስለማይዘልቅ ወደ ሌላ አካል የተዛመተውን አይነካም፤ ትልቁ ጥቅሙ የተዘጋውን መተንፈሻ መክፈት ነው።

መድኃኒቱ ግን ቆዳ ውስጥም ይቀራል። ቢያንስ 30 ቀን፣ አንዳንዱ ሰው ላይ እስከ 90 ቀን፣ ፀሐይ ያገኘው ቆዳ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። የፀሐይ ክሬም አያድንም። ክሬም የሚከላከለው አልትራቫዮሌቱን ነው፤ እዚህ ላይ የሚያቃጥለው በዓይን የምናየው ብርሃን ራሱ ነው። ያለው መከላከያ ጨርቅ ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ።

ጋሼ ጨርቁን ከመቁረጣቸው በፊት የስልካቸውን መብራት ከሥር አብርተው ያዩታል። ብርሃን ካሾለከ፣ ጥቁርም ቢሆን ይመልሱታል። የሚወዱት ጥቁር ጋባርዲን ከነገበሩ ነው። ስፌት ከተሳሳቱ ፈትተው አይደግሙትም፤ የመርፌው ቀዳዳ ብርሃን ያስገባልና አዲስ ይቆርጣሉ። በቁልፎቹ መሐል ለሚከፈተው ክፍተት ከውስጥ ድርብ ጨርቅ ያስገባሉ። እጅጌውን አራት ጣት አስረዝመው ጫፉ ላይ ላስቲክ ያደርጉለታል፣ ጓንቱ ከሥሩ ይገባል። ባርኔጣው ዙሪያውን ግማሽ ስንዝር ክንፍ አለው፤ ከኋላ ማጅራትንና ጆሮን የሚሸፍን ጨርቅ ይወርድለታል። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚያች የተረሳች ቦታ ላይ ነው። ጥቁር መነጽር ብቻ ለብቻው ይገዛል፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ከ4 በመቶ በታች የሆነ።

መጋረጃም ይሠራሉ፤ እዚህ ላይ ያደረጉት ነገር በጣም አስደስቶናል። ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን ሙሉ ያጨልመዋል። ስህተት ነው። ደብዘዝ ያለ የቤት ውስጥ ብርሃን ቆዳ ላይ ያለውን መድኃኒት ቀስ በቀስ ስለሚያጠፋው ታካሚው ጨለማ ውስጥ መዋል የለበትም። ጋሼ ፀሐይ በቀጥታ የሚገባው በየትኛው መስኮት ነው ብለው ጠይቀው ለእሱ ብቻ ወፍራሙን ሰፉ፣ ለቀሩት ስስ።

የጥርስ ሐኪም መብራትና ቅርብ ያለ ያልተሸፈነ አምፖልም ያቃጥላሉ። ትንፋሽ ማጠር ከባሰ ወይም ደም ካስሳለ ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው፤ የሞተው የዕጢ ሥጋ የአየር ቧንቧውን ሊዘጋው ይችላል። 30 ቀን ሲሞላ ትንሽ የእጅ ቆዳ ብቻ፣ ፊት ሳይሆን፣ ለ10 ደቂቃ ፀሐይ ይነካል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልቀላና ካላበጠ ቀስ በቀስ መውጣት ይቻላል፤ ከቀላ 2 ሳምንት ጠብቆ መድገም ነው።

አንድ አደራ፦ ልብሱን ከመሄዳችሁ በፊት አሰፉት። ቆዳው ፀሐይ መፍራት የሚጀምረው መርፌው ከተወጋበት ቀን ነው፣ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርዱም በሩ ሳይከፈት ተለብሶ ማለቅ አለበት። የጋሼን ሱቅ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።