ቤት ድረስ መጥቶ ተርሚናል ላስተማረኝ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ስሜን በአደባባይ እንዳትጽፍ ብሎ ስለለመነኝ «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሥራው ኮምፒውተር ማስተማር ነው፤ ቤት ድረስ ይመጣል። እኔ ዓይነ ስውር ፕሮግራመር ነኝ፤ የምጠቀመው ስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም) ኤንቪዲኤ ነው። ኮድ መጻፉ አላስቸገረኝም። ያቃተኝ የጻፍኩትን ለሌሎች ማድረስና የሌሎቹን መከታተል ነበር።

ኮድ የሚቀመጥባቸው ድረ ገጾች በአብዛኛው ለዓይን የተሠሩ ናቸው። አንዲት የተቀየረች መስመር ለማግኘት ሜኑውን፣ የመስመር ቁጥሩን፣ ስም የሌለውን አዝራር ሁሉ ሲነበብልህ መስማት አለብህ። የተጨመረው አረንጓዴ፣ የተቀነሰው ቀይ ነው አሉ። ለእኔ ምን ሊፈይድልኝ!

ከዚህ በፊት የጠየቅኳቸው ባለሙያዎች «የሚያይ ሰው አጠገብህ ይሁን» ነበር መልሳቸው። ልጁ ግን ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ድረ ገጹን ለምን ይከፍቱታል?» አለኝ።

ተርሚናል ማለት ኮምፒውተሩን ትእዛዝ እየጻፉ የሚያዙበት መስኮት ነው፤ ጊትሃብ ደግሞ ኮድ ከሚቀመጥባቸው ድረ ገጾች አንዱ። ጂኤች የሚባለውን የጊትሃብ የተርሚናል ፕሮግራም ጫነልኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፣ በነፃ። አሁን «ጂኤች ፒአር ዲፍ» ብዬ የፑል ሪኩዌስቱን («ይህን ለውጥ ተቀበሉ» የሚለውን ጥያቄ) ቁጥር ስጽፍ ለውጡ ብቻ ይመጣል። የተጨመረ መስመር ፊት የመደመር ምልክት፣ የተቀነሰ ፊት የመቀነስ ምልክት አለ። ኤንቪዲኤ የመቀነስ ምልክቷን ዝም ብሎ ያልፋታል። ለዚህም መላ ነበረው፤ ኢንሰርትና ፒን አንድ ላይ እየተጫንኩ የሥርዓተ ነጥብ ደረጃውን ከፍ እንዳደርግ አሳየኝ። ይህን ያህል ጠንቅቆ የሚያውቅ የሚያይ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

በጣም የወደድኳት ግን ይቺን ናት። የኢሹ (ፕሮጀክቱ ላይ የተመዘገበ ችግር ወይም ሐሳብ) ዝርዝር ስትጠይቁ ረጅም ርዕስ ይቆረጣል፤ ክፍት ይሁን ዝግ በቀለም ነው የሚታወቀው። ጊት ባሽ በሚባለው ተርሚናል ውስጥ ትእዛዙን በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) ወደ «ካት» ትእዛዝ ስታሳልፉት ርዕሱ ሙሉውን ይመጣል፣ ክፍት መሆኑም በቃል ይጻፋል። በቃ፣ አንዲት ቀጥ ያለች ምልክትና ሦስት ፊደል!

ደግሞ የሚያስቅ ነገር አለ። ብዙ የተርሚናል ፕሮግራሞች «ጠብቁ» ለማለት የሚያሽከረክሯት ምልክት የተሠራችው ከብሬል ነጥቦች ነው። ብሬል፣ እንግዲህ! ለእኛ የምታመጣው ጩኸት ብቻ ነው። የጂኤች ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ይህን የሚያጠፋ ማስተካከያ ጨምረዋል፤ «ጂኤች ኮንፊግ ሴት ስፒነር ዲሴብልድ» ማለት ነው። እነሱም ይመስገኑ።

ኢሜይሉ የልጁ ሁለተኛ ትምህርት ነበር። ከጊትሃብ ለሚመጣ ማሳወቂያ እዚያው ኢሜይሉ ላይ «ሪፕላይ» ብዬ ስጽፍ መልሴ ኢሹው ሥር ይገባል። ሌላው ሶርስሃት ነው፤ እሱም እንደ ጊትሃብ ኮድ የሚቀመጥበት ነው። እዚያ ላለ ፕሮጀክት ፓች (የኮዱን ለውጥ የያዘ ጽሑፍ) ለመላክ አካውንት እንኳ አያስፈልግም። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ጊት፣ «ጊት ሴንድ ኢሜይል» በሚለው ትእዛዝ ለውጡን ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይልከዋል፤ አስተያየት ሰጪውም ከየመስመሩ ሥር ጽፎ ይመልሳል። የሊኑክስ ከርነልን (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት የሆነውን ፕሮግራም) የሚሠሩ ሰዎች እስካሁን የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራው አይቆምም፤ ፓቹን አዘጋጅቼ መስመር ሲመጣ እልከዋለሁ። ጂሜል የምትጠቀሙ ከሆነ የተለመደው የይለፍ ቃል አይሠራላችሁም። መጀመሪያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍታችሁ ለዚህ ብቻ የሚያገለግል የመተግበሪያ ይለፍ ቃል ማውጣት አለባችሁ። እኔና ልጁ ብዙ የተንገላታነው እዚህ ጋ ነው።

ሌላም ጠባይ አለው። ኪቦርዴን አይነካም። ስሳሳትም ይጠብቀኛል እንጂ እጄን ገፍቶ አይጽፍልኝም። የሚያስተምር ሁሉ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት!

ዋጋው ከሌሎቹ ትንሽ ወደድ ይላል፣ አልዋሽም። ጊት ጨርሶ ለማያውቅ ጀማሪም አልመክረውም፤ ፈጠን ይላል። ኮድ እየጻፈ ድረ ገጹ ላይ ለሚንገላታ ዓይነ ስውር ግን ከእሱ የተሻለ አላውቅም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ቀን ሥራ ስላለው የሚመቸው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ግን ከጠዋት ጀምሮ ይመጣል።